ከፋሲካ በኋላ የመጣው ጭረት

ዓርብ ጠዋት ሽማግሌ ልንልክ ሁሉን አሰናድተን፣ ማክሰኞ ልጆቹ ተጣሉ። በሌላ ሴት አይደለም፣ በሌላ ወንድም አይደለም። በጭረት ነው የተጣሉት። ፊልም ላይ በወጣ ጭረት።

ቶሜር የመጨረሻ ልጄ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶታል። እህቶቹና ወንድሙ አግብተው ወልደው አያት አድርገውኛል፤ እሱ ብቻ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የእስራኤሏን ሰፈራችንን ክርያት ሞሼን ሲዞር ቀረ። ቀን ቀን «ቢሉ ሴንተር» በሚባለው የገበያ ማዕከል ጫማ ቤት ይሠራል። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ሁሉ ፎቶ ያነሳል። በስልኩ ቢሆን ምን ነበረበት? በፊልም ነው። እንደ ድሮው፣ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ቀጭ ብሎ በሚያልቀው።

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ በስልኩ አንስቶ ወዲያው ያየዋል። አንተ ሳምንት የምትጠብቀው ምን ቢሆን ነው?» እለዋለሁ።

«እማ፣ መጠበቁ እኮ ነው ደስ የሚለው» ይለኛል።

ኋላ ምን እንደሚጠብቅ ገባኝ። ፊልሙን የምታጥብለት ልጅ አለች። ናታሊ ትባላለች። ክፋር ማርሞሬክ በሚባለው ጎረቤት ሰፈር አንድ ግቢ ጓሮ ያለች ክፍል ተከራይታ ፊልም ታጥባለች። እኔ ፊልም ማጠብ የቀረ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወጣቱ ተመልሶበታል፤ ከሃይፋ ሳይቀር በፖስታ ይልኩላታል። የእኛው የቤተ እስራኤል ልጅ ናት። እናቷ ማንተገብሽ የወገራ ሰው፣ ጨዋ።

መጀመሪያ ቶሜር በወር አንድ ፊልም ይወስድላት ነበር። ከዚያ በሳምንት አንድ። በሳምንት ሦስት ሲሆን ለባለቤቴ ለመንግስቴ፣ «ይኸ ልጅ ፊልም ሊያሳጥብ አይደለም የሚሄደው» አልኩት።

መንግስቴ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ፣ «ታዲያ ምን ሊያሳጥብ ነው?» አለኝ። እሱ እንዲህ ነው። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ሲቀልድና ሲጠይቅ ፊቱ አንድ ነው።

ከፋሲካ በፊት ልጅቱ ቤታችን መጣች። በልታ ስታበቃ እንደ እንግዳ አልተቀመጠችም፤ እጅጌዋን ሰብስባ ዕቃ አጠበችልኝ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ሳጸዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ሰው ዕቃ ሲያጥብ አንድ ጊዜ ካየሁት ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። የድስቱን ቂጥም አልረሳችም። በልቤ «ይቺ ትሁን» አልኩ።

ስትወጣ ግን በሩ አጠገብ ቆማ ቶሜርን በዕብራይስጥ ስታናግረው ሰማሁ። የሰማሁት ስለሰማሁ ነው እንጂ ጆሮ ሰጥቼ አይደለም። ደህና፣ ትንሽ ሰጥቻለሁ።

«እናትህ ቤቱን እንደ መስታወት ነው የምትይዘው» አለችው። «ዕቃህን ትነካብሃለች?»

«እማ? መሳቢያዬን እንኳ ከፍታ አታውቅም።»

ናታሊ ይህን የጠየቀችው በከንቱ አይደለም። የእህቷ አማት ቁልፍ ነበራት አሉ። ሰው በሌለበት እየገባች ቁምሳጥን ታስተካክላለች፣ ማቀዝቀዣ ታገላብጣለች፣ የባንክ ደብዳቤ ሳይቀር ትከፍታለች። እህቷ በዓመት ከመንፈቅ ተፋታ እናቷ ቤት ተመለሰች። ናታሊም «እጇን የማትሰበስብ አማት ካለች እኔ የለሁበትም» ስትለው እዚያው በሩ ላይ ሰማሁ። ልጄ ደግሞ እኔን አምኖ ማለላት። የቶሜርን መሳቢያ ከፍቼ አላውቅም አልልም። እሱ እያለ ከፍቼ አላውቅም።

እንግዲህ የማክሰኞው ነገር። ቶሜር የሰፈሩን ሽማግሌዎች ፎቶ እያነሳ ነበር፤ ከሻቩኦት በዓል በኋላ በማትናሱ፣ በሰፈሩ የባህል ማዕከል፣ አዳራሽ ውስጥ በትልቁ ሊሰቀል። የእኛ የቤተ እስራኤሎቹ ቄስ፣ ቄስ ውብነህም አሉበት፤ ዓርብ ለልጄ ሽማግሌ ሆነው የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። ማታ ላይ ቶሜር ገባና የፎቶውን ፖስታ ጠረጴዛ ላይ ወረወረው።

«አበላሸችብኝ! ሁሉንም ጭራ ጭራ አበላሸችብኝ!»

ከፖስታው ፎቶ አወጣሁ። ቄስ ውብነህ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ተቀምጠዋል፤ ከግራ ጉንጫቸው ተነስቶ ጺማቸውን አቋርጦ ሦስት ነጭ መስመር ያልፋል። ሁለተኛውን አየሁ፤ ያው ሦስት መስመር። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከሽቦ አጥር ጀርባ የታሰሩ ይመስላሉ።

«ምን አለችህ?»

«ካሜራህ ነው አለችኝ። የኔ ካሜራ! እኔ በልስልስ ጨርቅ የምጠርገው! ስታደርቂው በጣትሽ እየጨመቅሽ ነው የጫርሽው አልኳት።»

«እሷስ?»

አንገቱን ደፋ። «ሥራዬን የማታምን እኔን እንዴት ታምናለህ አለች። ይቅርታ ካልጠየቅህ ዓርብ ሽማግሌ አይምጣ አለች።»

«ጠይቃታ!»

«ላላጠፋሁት?»

ሁለቱም አህያ። በሰንበት ቢጠይቁኝም ይህንኑ እላለሁ፤ ሁለቱም አህያ። ቄስ ውብነህ ነጠላቸውን አሳጥበዋል። ማንተገብሽ ዘመዶቿን ከነታንያ ጠርታለች። ይኸ ልጅ ይህችን ካጣ ደግሞ ሌላ ሠላሳ አራት ዓመት ልጠብቅ ነው? እኔ በማግስቱ ቀሚሴን ለውጬ በእግሬ ወደ ማርሞሬክ ሄድኩ። አስታርቃለሁ ብዬ ነው የሄድኩት፣ በንጹሕ ልብ።

ናታሊ ስታየኝ ደነገጠች፤ ግን በአክብሮት ተቀበለችኝ። ክፍሏ የኮምጣጤ ዓይነት ሽታ አለው። በገመድ ላይ ፊልሙ እንደ ቋንጣ ተዘርግቷል። መሬቱ ላይ አንድ ብናኝ የለም፤ እሱን መጀመሪያ አየሁ።

«እማማ፣ ቶሜር ልኮዎት ነው?»

«የኔ ልጅ፣ እኔን ማንም አይልከኝም። በራሴ ነው የመጣሁት። እስኪ ይኸ ጭረት የሚሉትን አሳዪኝ፤ ቤት ሊያፈርስ የደረሰ ነገር ምን እንደሚመስል ልየው።»

ከሥሩ መብራት ያለበት ነጭ ጠረጴዛ አላት። ፊልሙን ዘረጋችበት። ሰው ሁሉ ተገልብጧል፤ ጥቁሩ ጺም ነጭ፣ ነጩ ነጠላ ጥቁር።

«አዩ፣ ፊልም ሁለት ገጽ አለው» አለችኝ። «ይኸኛው ደብዘዝ ያለው ሥዕሉ ያለበት ነው። ይኸኛው የሚያብለጨልጨው ጀርባው ነው። ጭረቱ በየትኛው በኩል ነው?» ፊልሙን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ ያዘችልኝ።

ዓይኔን አጨንቁሬ አየሁ። «በሚያብለጨልጨው።»

«ጎበዝ! ሥዕሉ ባለበት በኩል ቢሆን ኖሮ ፎቶው ላይ ጥቁር ይወጣ ነበር። ነጭ የወጣው ጀርባው ስለተጫረ ነው። ደግሞ እዩት፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ፎቶው ሲያልቅ አይቆምም፤ በሁለቱ ፎቶ መካከል ያለውን ባዶም አቋርጦ ይሄዳል። በእጅ የተጫረ ጠማማ ይሆናል፣ ይሰበራል። ይኸ ግን ፊልሙ ሲሄድ ቆሞ የሚጭረው ነገር አለ ማለት ነው።»

«ስታደርቂው ቢሆንስ?» አልኳት፤ ለልጄ መከራከሬ ነው።

«በዚያው ቀን፣ በዚያው ማጠቢያ ጣሳ፣ በዚያው ውኃ የሌላ ሰው ፊልም አብሬ አጥቤያለሁ። ይኸውልዎ።» አሳየችኝ። ጥርት ያለ ነው፣ ምንም የለበትም። «እኔ ብሆን ሁሉም ይጫር ነበር።»

ይህች ልጅ ፊልም አጣቢ ብቻ አይደለችም አልኩ በልቤ። ዳኛ ናት።

«ቀጥዬ ደግሞ የቶሜርን የድሮ ፊልሞች አወጣሁ። የፑሪም በዓል፣ ንጹሕ። ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ያነሳው፣ ንጹሕ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ላይ ያመጣልኝ አራቱም ግን ሦስት መስመር፣ አንድ ቦታ ላይ። ስለዚህ በፋሲካ ሰሞን ካሜራው አንድ ነገር ሆኗል። የካሜራው የኋላ በር ላይ ፊልሙን ከጀርባው ደግፎ የሚይዝ ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ትንንሽ ነጠብጣብ ያለበት...»

ከዚያ ወዲያ የተናገረችውን አልሰማሁም። ነጠብጣብ!

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከፋሲካ በፊት ያለው ሳምንት ነው። አገር ቤት ሳለን ፋሲካ ሲደርስ እርሾ የነካውን ሸክላ ሁሉ ሰብረን በአዲስ እንተካ ነበር። እዚህ ሸክላ የለም፤ ስለዚህ የማይሰበረውን እፈትጋለሁ። የቶሜርን ክፍል ሳጸዳ የካሜራ ቦርሳውን አራገፍኩ። ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ቡሬካስ የሚሉት የዳቦ መክሰስ ፍርፋሪ፣ ከነሰሊጡ! እየበላ ፎቶ ያነሳል ማለት ነው። ካሜራው ደግሞ ፊልም የለበትም፣ የኋላ በሩ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ቦርሳው ውስጥ ፍርፋሪ ካለ ካሜራው ውስጥ የማይኖርበት ምክንያት ምንድን ነው? ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። ያቺ ጥቁር ብረት ላይ፣ በረድፍ በረድፍ፣ ትንንሽ ነጠብጣብ።

ሻጋታ መሰለኝ። በምግብ የመጣ ሻጋታ።

በጨርቅ ጠረግኩት፤ አልሄደም። በጥፍሬ ሞከርኩት፤ አልሄደም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እምቢ ያለኝ እድፍ የለም። የድስት መፈተጊያ ሽቦዬን አመጣሁና ፈተግሁት። ክንዴ እስኪዝል ፈተግሁት። አንድ ረድፍ ላይ ነጣ ነጣ ሲል «በቃ፣ ፋሲካ ካሜራም ውስጥ ገባ» ብዬ እግዚአብሔርን አመስግኜ እንደነበረው አስቀመጥኩት። ለማንም አልተናገርኩም። መልካም ሥራ አይወራም።

«እማማ» አለች ናታሊ፣ «ምነው ፊትዎ ተለወጠ?»

«ሙቀቱ ነው።»

«ማዝጋኑ እኮ በርቷል፤ ክፍሉ ቀዝቅዟል።»

«እንግዲያስ ብርዱ ነው።»

ልጅቱ ውኃ ሰጠችኝ። ከዚያ፣ «ነገ ቶሜር ካሜራውን ይዞ ይምጣ» አለች። «አንድ አዲስ ፊልም ላበላሽ። ካሜራው ውስጥ ከትቼ አስኬደውና ሳላጥበው እዚሁ በቀን ብርሃን መዝዤ አየዋለሁ። ጭረት ካለ የኔ እጅ ሳይነካው የወጣ ነው። ጭረት ከሌለ ግን ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዓርብ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

እንዲህ ያለ ቅን ፍርድ አይቼ አላውቅም። ፍርዱ በኔ ላይ ባይሆን ኖሮ እጇን እስም ነበር።

ቤት ስመለስ ቶሜር አልገባም። ካሜራውን ከክፍሉ አወጣሁና «በሰላም ተኛ» ብዬ የትራሴ ልብስ ውስጥ ከተትኩት። ካሜራ ከጠፋ ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ ነገሩ በሽማግሌ ያልቃል። መንግስቴ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ አላየሁትም።

«ባንቺአምላክ፣ ካሜራ ታስተኚያለሽ?»

ነገሩን ሁሉ አወጣሁለት። አልጋው ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰ መስሎኝ ነበር። እየሳቀ ነው።

«ነጠብጣቡ ለቀቀ?» አለኝ።

«ምክር ስጠኝ እንጂ!»

«ለልጁ ንገሪው።»

«ብነግረው ለእሷ ይነግራታል። እሷ እጅ የማትሰበስብ አማት አልፈልግም ብላለች። ትሄዳለች።»

«ባትነግሪውስ?»

«እሱ ይቅርታ አይጠይቅም። ትሄዳለች።»

«በሁለቱም የምትሄድ ከሆነ» አለ መንግስቴ፣ «ቢያንስ እራት አቅርቢ።»

ከመተኛቴ በፊት ጸለይኩ። «አምላከ እስራኤል፣ እንድትዋሽልኝ አልለምንህም፤ አንተ አትዋሽም። ያቺን ብረት ብቻ እንደ ጥንቷ አድርግልኝ። ባሕር የከፈልክ አምላክ አንዲት ብረት አታቅትህም።» ጠዋት ትራሴን ከፍቼ፣ ካሜራውን ከፍቼ አየሁ። እንደፈተግኋት ነበረች። እሱም ለራሱ ምክንያት አለው።

ናታሊ ደውላ ነግራው ኖሮ፣ ቶሜር ክፍሉን ሲያምስ ሰማሁት።

«እማ! ካሜራዬን አይተሽዋል?»

«ዓይኔ እኮ እንደ ድሮው አይደለም፣ ልጄ።» ይኸ ውሸት አይደለም። የኩፓት ሆሊሙን ሐኪም ጠይቁ።

መንግስቴ ከሳሎን ጮኸ። «የእናትህ ትራስ ውስጥ ነው!»

ቶሜር መጣና ትራሴን አየ፣ እኔን አየ። «ለምን?»

«ሌባ በዝቷል» አልኩት። ይኸም ውሸት አይደለም። ከዚያ ነጠላዬን አነሳሁ። «አብሬህ እመጣለሁ።»

«ለምን?»

«ዛሬ ለምን ለምን ትላለህ። ያላ፣ እንሂድ።»

ናታሊ እየጠበቀችን ነበር። ቶሜርን ዓይኑን አላየችውም፤ እሱም ጫማውን እያየ ካሜራውን ዘረጋላት። አዲስ ፊልም ከተተችበት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ባዶ ግድግዳ ላይ አነሳች። እኔ እያንዳንዱን ቆጠርኩ። ከዚያ የኋላ በሩን ከፈተችና ፊልሙን በፀሐዩ መዝዛ አወጣችው፤ ቡኒ፣ ረጅም፣ እንደ ቀበቶ። ወደ መስኮቱ አዘነበለችው።

ሦስት መስመር።

ቶሜር ወሰደው። አገላበጠው። በሚያብለጨልጨው በኩል ነው፤ ሕፃን ልጅም ያየዋል። ጆሮው ቀላ። «አሁን ይቅርታ ይላል» ብዬ ጠበቅሁ። ልጄ ግን የመንግስቴ ልጅ ብቻ አይደለም፤ የኔም ልጅ ነው።

«ተዘራ ነው!» አለ።

ተዘራ ራምሌ ያለ ካሜራ ጠጋኝ ነው። ጨዋ ሽማግሌ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ በዓይኑ መነጽር ላይ ሌላ መነጽር ደርቦ የሚሠራ።

«ተዘራ የጠገነው እኮ ዓምና ነው» አለች ናታሊ ቀስ ብላ። «ከፋሲካ በፊት ያነሳኸው ደህና ነበር።»

«ቆይቶ የሚወጣ ጥፋት ነው የሠራው! ሽማግሌ ሰው፣ ሌላ ማን ይነካዋል? ካሜራዬን ከእሱ በቀር የነካ የለም።» ስልኩን አወጣ። ቁጥር መፈለግ ጀመረ።

ናታሊ እሱን አታይም ነበር። እኔን ነበር የምታየው። አትቆጣም፣ አትስቅም፣ ዝም ብላ ታያለች፤ ድስት እስኪፈላ እንደሚጠብቅ ሰው።

ስልኩ መጥራት ጀመረ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ያ ሽማግሌ መነጽሩን አውልቆ ስልኩን ሲፈልግ ታየኝ። የልጄን ሠርግ እፈልጋለሁ፤ በሰው ላይ በሐሰት መመስከርን ግን አልችልም። ዝም ማለትም መመስከር ነው።

«ዝጋው» አልኩ።

«ምን?»

«ስልኩን ዝጋው። ተዘራን ተወው። እኔ ነኝ።»

ዘጋው። «አንቺ ምን?»

«የፈተግሁት። ለፋሲካ። ቦርሳህ ውስጥ የቡሬካስ ፍርፋሪ አገኘሁ፤ ጥፋተኛው መጀመሪያ አንተ ነህ፣ ካሜራ ይዞ ቡሬካስ የሚበላ ማን አለ? ከዚያ ያቺን ብረት አየሁ። ነጠብጣብ ነበረባት።»

«እማ... ነጠብጣቡ እኮ የብረቱ ነው! ሲሠራ ጀምሮ ያለ ነው!»

«አሁን አውቄያለሁ። በምኑ ልወቅ? ሻጋታ ይመስላል።»

«በምን ፈተግሽው?»

ይህን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። «በሽቦ» አልኩ።

ልጄ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «በሽቦ» አለ ለግድግዳው። «ካሜራዬን፣ በድስት ሽቦ።»

እኔ ወደ ናታሊ ዞርኩ። «የኔ ልጅ፣ አንቺ እጇን የማትሰበስብ አማት አልፈልግም ማለትሽን ሰምቻለሁ። በር ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት፤ ይህንንም ልጨምርልሽ። ልጄ ዕቃዬን አትነካም ያለሽ ዋሽቶ አይደለም፤ አያውቅም ነበር። በኔ የተነሳ እሱን አትጥይው። ቤታችሁ አልመጣም። ከመጣሁም ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።»

ናታሊ መሳቢያዋን ከፈተች። ትንሽ ፖስታ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አራገፈችው። ጸጉር የምታህል ቀጭን ሽቦ ወደቀች፤ ጫፏ ላይ ሮዝ የሳሙና ቅርፊት ደርቋል።

«ይህን ያገኘሁት ከፋሲካ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ፊልም የተጠቀለለበት ቆርቆሮ አፍ ላይ፣ ብርሃን በሚከለክለው ጨርቅ ውስጥ ተሰክቶ ነው» አለች። «የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ። ሮዝ ሳሙና ያለበት። እርስዎ ቤት ዕቃ ሳጥብ በእሱው ነው ያጠብኩት።»

ጎንበስ ብዬ አየኋት፤ የኔው ሽቦ ናት። ቶሜርም ቀና አለ።

«ታውቂ ነበር?» አላት።

«ከማክሰኞ በፊት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ሦስት ቀን ስንጣላ!»

«ምን ብዬ? ገና ሽማግሌ ሳይገባ አማቴን ልክሰስ? እናትህ ካሜራህን ፈተገች ብል፣ እውነት ቢሆንም ማርሞሬክና ክርያት ሞሼ ምን ይሉኛል? 'ሙሽራዪቱ ሳትገባ አማቷን ከሰሰች' ነዋ! ካሜራህን አሳየኝ ስልህ ብታሳየኝ ኖሮ ራስህ ታየው ነበር። አንተ ግን በጣትሽ ጨምቀሽ አልከኝ።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ትናንት እዚህ ቁጭ ብለው ብርድና ሙቀት ሲሆንብዎት አየሁ። ለራሴ፣ ነገ ከተናገሩ አገባለሁ፣ ካልተናገሩ አላገባም አልኩ።»

ለልጄ ሚስት ልመርጥ ነው ያልኩት። ለካ እየተመረጥኩ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከኔ የባሰች ተንኮለኛ አገኘሁ ብዬ ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አለኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሳቅ ሆነብኝ። እሷም ጀመረች። ዓይናችን እንባ እስኪሞላ ሳቅን። ቶሜር ብቻ እንደ ከሰረ ነጋዴ ተቀምጦ ያየናል።

«ቁልፍ ግን አልሰጥዎትም» አለች ናታሊ ዓይኗን እየጠረገች።

«አልጠይቅም።»

«ደውለው ይምጡ። ሲመጡ በሩን ራሴ እከፍታለሁ።»

«ቤሰደር፣ እሺ» አልኩ። ምን እላለሁ? ከዚህ የተሻለ ውል የለም። ከዚያ ቶሜርን በክርኔ ነካሁት። «አንተስ? ምላስህን ድመት በላው?»

ተነሳ። ፊልሙን በጣቱ እያሻሸ፣ «ናታሊ፣ ይቅርታ» አለ። «ያልኩሽን ማለት አልነበረብኝም። አንድም ቀን ፊልም አበላሽተሽብኝ አታውቂም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን?»

«ቡሬካስ።»

«ካሜራ ይዤ ቡሬካስ አልበላም።»

«ተቀብያለሁ» አለች።

ያም ሆኖ የልጄ ፊት አልፈታም። የተጫሩት ሽማግሌዎች እንደተጫሩ ናቸው፤ ብረቱን ተዘራ ይለውጠዋል፤ የቄስ ውብነህን ፊት ግን ማን ይለውጠዋል? ይህን ስል ናታሊ ፈገግ አለች።

«ጭረቱ በጀርባው በኩል መሆኑ ደግ ነው። የድሮ ፎቶ አንሺዎች ዘዴ አላቸው። አዩኝ።» ጣቷን በአፍንጫዋ ጎን ላይ አሸት አሸት አደረገችና ፊልሙ ላይ፣ በሚያብለጨልጨው በኩል፣ በስሱ አስኬደችው። «ወዙ ጭረቱን ይሞላዋል። ብርሃን ሲያልፍ አይሰበርም። ፎቶው ላይ አይታይም። ሲያልቅ ደግሞ ይጠረጋል።»

«የአፍንጫ ወዝ?» አልኩ። «በቄስ ላይ? በዘይት ስለተቀባ ሰምቻለሁ፣ በአፍንጫ ወዝ የተቀባ ቄስ ግን በዘመኔም በአያቴም ዘመን አልሰማሁም!»

«ታዲያ ጥምጥማቸው ላይ አይደለም እኮ፣ እማማ። ኔጋቲቩ ላይ ነው።»

ፊልሙን በስካነር ወደ ኮምፒውተሩ አስገባችና አሳየችን። ቄስ ውብነህ ከነጺማቸው ጥርት ብለው ወጡ። ከሽቦ አጥሩ ተፈትተው። ቶሜር ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ ቀረ።

ናታሊ ሁለተኛውን ሞከረች፣ ሦስተኛውን። ከዚያ ጣቷን ብታሽ ብታሽ ደረቀች። «ሳሙና አበዛለሁ» አለች፤ «አፍንጫዬ ላይ ምንም አልቀረም።»

«ወዲህ በይ» አልኳት። በእግዚአብሔር ቸርነት የግንቦት ሙቀት ነው፣ ከክርያት ሞሼ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ አፍንጫዬ ላይ የጎደለ ነገር የለም። እጄን ታጥቤ አደረቅሁ፤ እንዴት እንደሚያዝ አሳየችኝ፤ በጠርዝ በጠርዙ፣ ሳይጫን። በእርጋታ አስኬድኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ የልጄን ዕቃ በፈቃዱ ነካሁ።

«እንዲህ ነው?»

«በጣም ጥሩ። ሳይፈትጉ።»

«አልፈትግም አልኩሽ!»

አሥራ አንድ ሽማግሌ በኔ አፍንጫ ዳነ። አሥራ ሁለተኛው ላይ እኔም ደረቅሁ። ሁለታችንም ወደ ቶሜር ዞርን። እሱ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ናታሊ መንገዱን ዘጋች፣ እኔ አገጩን ያዝኩ።

«እማ! በቃ! ራሴ!» ብሎ አፍንጫውን አሸ።

እስከ ምሳ ሰዓት እንዲህ ሆነን አንድ ፊልም ጨረስን። ሦስቱ ገና ቀርተዋል፤ የሦስታችንም አፍንጫ ቀልቷል። ናታሊ የቀሩትን በፖስታ ከታ ለኔ ሰጠችኝ፤ ለቶሜር አይደለም፣ ለኔ።

«ነገ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይዘውት ይምጡ» አለችኝ። «የአባቴን አፍንጫ ገና አላዩትም። ለሦስቱም ፊልም ይበቃል።»